ጥሪኙ ለምን አልለመደም?

ከጅማ ከተማ፣ ከቦሳ አዲስ ሰፈር ወጥቶ ወደ ሊሙ፣ ወደ ጎማ ወይም ወደ ጌራ የሚጓዝን ሰው ቡና ነው የሚያጅበው፤ ከቡናው በላይ ደግሞ ጥላ የሚሆኑት ዋንዛ፣ ብሳና፣ ሰሳና ብርብራ። ሲመሽ በዚያ ጥላ ሥር ብቻውን የሚዞር እንስሳ አለ፤ ጥሪኝ። ቀን ጥቅጥቅ ባለ ቁጥቋጦ ውስጥ ተኝቶ ይውላል፤ ጨለማ ሲሆን ተነስቶ የለመዳትን መንገድ ይዞ ይሄዳል። በዚሁ አገር ጥሪኝ ይዞ በጓሮው የሚያኖር፣ ገንፎና ሥጋ እያቀረበ የሚያበላ ገበሬም አለ። ሁለቱ በዚህ ዓይነት ጉርብትና ለብዙ መቶ ዓመታት ኖረዋል። ይሁንና ዛሬ ከተያዘ ጥሪኝ ፊት ብትቆሙ የምታዩት ትናንት ከደን የመጣ የሚመስል አውሬ ነው። የጀርባውን ጸጉር አቁሞ ያጉረመርማል፤ እጅ ካገኘ ይነክሳል።

ይህ ነገር በጥሞና ሊታይ የሚገባው ይመስለኛል። ሰው ከዱር እንስሳ ጋር ስለሚመሠርተው ቅርበት ስናወራ አብዛኛውን ጊዜ የምናነሳው የሰውየውን ልብ ነው፤ ፍቅሩን፣ ትዕግሥቱን፣ ብቸኝነቱን። የጅማና የአካባቢዋ ጥሪኝ ጠባቂ ትዕግሥት አላነሰውም፤ ዘመንም አላነሰውም። ታዲያ ጥሪኙ ለምን አልለመደም?

በመጀመሪያ እንስሳውን ራሱን እንወቀው። ጥሪኝ ከ7 እስከ 20 ኪሎ ይመዝናል፤ በዘመዶቹ መካከል በአፍሪካ ትልቁ ነው። ግራጫማ ገላው ላይ ጥቁር ነጠብጣብና ሸንተረር አለው፤ የአንዱ ጥለት ከሌላው ጋር አይመሳሰልም። ያገኘውን ሁሉ ይበላል፤ አይጥ፣ ነፍሳት፣ እንቁላል፣ ጥንብ፣ ሌሎች እንስሳት የሚጸየፉትን መርዛማ ትላትል ሳይቀር። የዛፍ ፍሬ ይወዳል፤ ቡና ሲቀላ ከወደቀውም ይለቅማል። ዓይነ ምድሩን በየደረሰበት አይጥልም፤ ደጋግሞ የሚመለስባቸው የታወቁ ሥፍራዎች አሉት፤ የደን ሰው እነዚህን አይቶ ጥሪኝ በአካባቢው መኖሩን ያውቃል። ሴትና ወንድ የሚገናኙት ለመራባት ብቻ ነው። እናት ግልገሎቿን ታሳድጋለች፤ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ለየብቻው ነው።

ለብቻ መኖር ግን ከሌሎች ጋር መነጋገር የለም ማለት አይደለም። ጥሪኝ ከጅራቱ ሥር ባለው ዕጢ ውስጥ ቅባት መሰል ነገር ያጠራቅማል፤ ዝባድ የምንለው ይህንኑ ነው። በሚመላለስበት መንገድ ዳር ያሉ ግንዶችንና ድንጋዮችን በዚህ ይቀባል። ሽታው ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይቆያል። ቀጥሎ የሚያልፈው ጥሪኝ አሽትቶ ማን እንዳለፈ፣ ወንድ ይሁን ሴት፣ መቼ እንዳለፈ ይረዳል። ዝባድ ፊት ለፊት መገናኘት የማይወዱ እንስሳት በየግንዱ የሚለዋወጡት ደብዳቤ ነው። የሰው ልጅ ይህን ደብዳቤ ወስዶ አንገቱ ላይ ቀባው፤ ታሪኩ የሚጀምረውም ከዚህ ነው።

ዝባድ ሳይበረዝ ሲሸተት ይሰነፍጣል። በጣም በጥቂቱ ሲቀላቀል ግን ሞቅ ያለ መዓዛ ይሰጣል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ የሌሎች ሽቶዎችን መዓዛ ገላ ላይ ያቆያል። ስለዚህ ከወርቅና ከዝሆን ጥርስ ጋር ይነገድ ነበር። የእናርያ ምድር፣ በኋላም በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከአምስቱ የጊቤ መንግሥታት አንዱ የሆነው ሊሙ እናርያ፣ በዚህ ንግድ የታወቀ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1825 እስከ 1861 በነገሠው በአባ ባጊቦ ዘመን የሳቃ ገበያ የነጋዴዎች መሰብሰቢያ ነበረች። ዝባድ በበሬ ቀንድ ውስጥ ታሽጎ ከዚያ ይነሳና በጎጃሙ ባሶ ገበያ፣ በጎንደር በኩል እስከ ምጽዋ ይወርድ ነበር። ፈረንሳዊው አንትዋን ዳባዲ እ.ኤ.አ. በ1843 እናርያ ድረስ የዘለቀው በዚሁ የነጋዴ መንገድ ነው። በኋላ የንግዱ ክብደት ወደ ጅማው ንጉሥ ወደ አባ ጅፋር አገር፣ ወደ ሂርማታ ገበያ ዞረ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ኢትዮጵያ ለዓለም የሽቶ ፋብሪካዎች አብዛኛውን ዝባድ የምታቀርብ አገር ሆነች፤ ዋናዋ ገዢ ፈረንሳይ ነበረች።

ይህ ሁሉ ንግድ ያረፈው በአንድ ገበሬ ጓሮ፣ በአንዲት ጨለማ ቤት ላይ ነው። አያያዙ ከትውልድ ትውልድ ብዙም አልተለወጠም። ወንድ ጥሪኝ በወጥመድ ከደን ይያዛል። ከእንጨት በተሠራ ረጅምና ጠባብ ማጎሪያ ውስጥ ይገባል፤ ማጎሪያው የጠበበው ሆን ተብሎ፣ እንስሳው ዞሮ እንዳይናከስ ነው። ማጎሪያዎቹ የሚቀመጡበት ጎጆ በእሳት ይሞቃል፤ ሙቀቱ ዝባዱን ያበዛዋል ተብሎ ይታመናል። በየዘጠኝና በየአሥር ቀኑ ገደማ ጠባቂው ከማጎሪያው በስተኋላ ጅራቱንና የኋላ እግሮቹን ስቦ ይይዛል፤ ዕጢውን ጨምቆ ዝባዱን በማንኪያ መሰል ነገር ይፍቃል፤ ቁስል እንዳይሆን ቦታውን ቅቤ ይቀባል። በአንድ ጊዜ የሚገኘው ከ10 እስከ 20 ግራም ቢሆን ነው።

ይህን ሥራ የሚሠሩት በአብዛኛው ሙስሊም ገበሬዎች ናቸው፤ ሙያውም ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል። ወደ ጎጆው ማንም አይገባም፤ የሰው ዓይን ጥሪኙን ይጎዳዋል ይባላል። ስለዚህ ጠባቂው ከእንስሶቹ ጋር ብቻውን ነው። የሚያቀርብላቸው ምግብ ደግሞ የድሃ ቤት ምግብ አይደለም፤ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል፣ የበቆሎ ገንፎ። ልጆቹ በበዓል ብቻ የሚቀምሱትን ሥጋ ለጥሪኙ በሳምንት ውስጥ ደጋግሞ የሚገዛ ሰው ጨካኝ ሰው ነው ብዬ አልጀምርም። ሌሊት ተነስቶ እሳቱ መጥፋት አለመጥፋቱን ያያል፤ ከጥሪኞቹ የትኛው ምግብ እንደተወ፣ የትኛው እንደከሳ ያውቃል። ይህ እንክብካቤ ነው፤ እውነተኛ እንክብካቤ።

እንክብካቤው ግን እንስሳው ዘንድ አልደረሰም። የዓለም እንስሳት ጥበቃ ማኅበር በ1990ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ሪፖርት ከሚያዙት ጥሪኞች 40 በመቶ የሚጠጉት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ውስጥ ይሞታሉ ብሏል። የተረፉትም በጠባቡ ቦታ ወዲያና ወዲህ ሲሉ ገላቸው ይላላጣል፤ በሚጨመቁበት ጊዜ ዕጢያቸው ይቆስላል። ያለ ዕረፍት የእንጨቱን ግድግዳ በሽታቸው ይቀባሉ፤ ያን ሽታ የሚያነብ ሌላ ጥሪኝ ግን በአጠገባቸው አያልፍም። ምግብ የምትሰጠው እጅ በየአሥር ቀኑ የምታሳምመውም እጅ ናት። ከእንስሳው በኩል ሆነን ስናየው ይህን ሰው የሚያምንበት ምንም ምክንያት የለውም።

መልሱ በዚህ የሚያበቃ ሊመስል ይችላል፤ ያመዋልና አይለምድም ብሎ መደምደም ይቻላል። ነገር ግን በሬ ተኮላሽቶ፣ ቀንበር ተጭኖበት፣ አለንጋ እየወረደበት ለምዷል። ስለዚህ ከሕመሙ ሥር ያለውን ሌላ ምክንያት መፈለግ አለብን። እኔ የማየው ሁለት ነው።

አንደኛው የትውልድ መቋረጥ ነው። በጓሮ የሚያዙት ወንዶች ብቻ ናቸው፤ ሁሉም ከደን የመጡ ናቸው፤ አይራቡም። አንድ ጥሪኝ ምናልባት ከብዙ ዓመት በኋላ የጠባቂውን ኮቴ ሰምቶ መርበትበት ቢተው፣ ያ ትንሽ መለሳለስ ከእርሱ ጋር ይሞታል። በሚቀጥለው ወር የሚያዘው ጥሪኝ ከዜሮ ይጀምራል። ሩሲያዊው የዘረመል ተመራማሪ ዲሚትሪ ቤልያዬቭ እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ በሳይቤሪያ የሠራው ሙከራ ይህን በጎላ መልኩ ያሳያል። ለጸጉራቸው ከሚረቡ ቀበሮዎች መካከል ሰውን እምብዛም የማይፈሩትን እየመረጠ ብቻ አራባቸው። ከአሥር ትውልድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ሰው ሲያዩ ጅራታቸውን የሚወዘውዙ፣ እጅ የሚልሱ ቀበሮዎች ተወለዱ። ማንም አላሠለጠናቸውም፤ የሠራው መወለድና መመረጥ ነው። በእኛ አገር የሆነው ተቃራኒው ነው። ጥሪኝ ይዘን ያኖርንበት ዘመን ከቤልያዬቭ ሙከራ እጅግ ይረዝማል፤ ነገር ግን አንድ ትውልድ እንኳ አላሳደግንም።

ሁለተኛው የእንስሳው ተፈጥሮ ነው። ሰውን የለመዱ እንስሳት አብዛኞቹ በዱር እያሉም በመንጋ የሚኖሩ ነበሩ፤ የውሻ አባት ተኩላው፣ ላሙ፣ በጉ፣ ፈረሱ። እነዚህ እንስሳት መሪ ምን እንደሆነ፣ ባልንጀራ ምን እንደሆነ ያውቃሉ፤ ሰው ወደ ሕይወታቸው ሲገባ የሚቀመጥበት ወንበር ቀድሞውኑ ነበረ። ጥሪኝ ዘንድ ይህ ወንበር የለም። ጎልማሳ ጥሪኝ ከሌላ ጎልማሳ ጥሪኝ ጋር ያለው ግንኙነት በሽታ በኩል፣ ከርቀት ነው። ድመት ብቸኛ አዳኝ ሆና ከሰው ጋር ትኖር የለም ወይ የሚል አንባቢ ይኖራል። ትክክል ነው፤ ድመት ግን ተይዛ አልመጣችም። አይጥ ፍለጋ ወደ ጎተራችን ራሷ መጣች፤ ስትፈልግ ትገባለች፣ ስትፈልግ ትወጣለች፤ ግልገሎቿንም በዚያው ወለደች።

ይህ የመውጣትና የመግባት ነገር የጉዳዩ እንብርት ነው። ለዚህ ከሁሉ የሚሻለው ምስክር ደግሞ ከጅማ በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ፣ በሐረር ይገኛል።

ሐረር በ16ኛው ክፍለ ዘመን አሚር ኑር በዙሪያዋ ግንብ ሲሠራላት ከሰው በሮች ሌላ ዝቅ ያሉ ቀዳዳዎች ነበሯት፤ ጅቦች በእነርሱ ሾልከው ሌሊት ወደ ከተማው ይገባሉ፤ ጥራጊውን በልተው ይወጣሉ። በአሹራ ቀን ለጅቦች ገንፎ የማቅረብ ልማድ አለ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ከግንቡ ውጭ ጅብን በእጅ ሥጋ የማብላት ልማድ ተጀመረ። ከእነዚህ ሰዎች ዩሱፍ ሙሜ ሳሌህ ለብዙ አሥርት ዓመታት በስፋት ታወቀ፤ ከእርሱ በኋላ ልጁ አባስ ቦታውን ያዘ። ሲመሽ መሬት ላይ ቁጭ ይላል፤ በየስማቸው ይጠራቸዋል፤ ይመጣሉ። ሥጋ የተሰካበትን እንጨት በጥርሱ ነክሶ ያቀርብላቸዋል፤ አጥንት የሚሰብረው መንጋጋ ከፊቱ በስንዝር ርቀት ሥጋውን ብቻ ይወስዳል።

ጅብ ባልታወቀበት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። የሐረር ጅብ ግን በሚታወቅበት አገር ነው ያለው፤ እርሱም ሰዉን ለይቶ ያውቃል። ጅብ በመንጋ የሚኖር፣ በሴቶች የሚመራ፣ ደረጃው ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፍ እንስሳ ነው። ጓደኛውን በድምፅ ለይቶ የሚያውቅ እንስሳ የሰውንም ድምፅ ቢለይ አያስደንቅም። ግልገሎቹ እናታቸውን ተከትለው ወደ ማብሊያው ቦታ ይመጣሉ፤ መጀመሪያ ከሩቅ ያያሉ፤ ቀስ በቀስ ይጠጋሉ። እንግዲህ በአንድ ወገን ከአባት ወደ ልጅ፣ በሌላ ወገን ከእናት ጅብ ወደ ግልገል የሚወርድ ትውውቅ አለ። ሁለቱም ወገን ያወርሳል። ጥሪኝ ቤት ግን የሚወርሰው ሰው ብቻ ነው።

በዚህች ከተማ ለረጅም ጊዜ የኖረው የሥነ ሰብ ተመራማሪ ማርከስ ቤይንስ-ሮክ እ.ኤ.አ. በ2015 ስለ ሐረር ጅቦች መጽሐፍ አሳትሟል። ሌሊት ብቻውን ከጅቦች ጋር በየቀጠናው ይዞር ነበር፤ ዊሊ ብሎ ከሚጠራው አንድ ወጣት ጅብ ጋር የፈጠረው ቅርበት የመጽሐፉ ልብ ነው። ቅርበቱ ሊፈጠር የቻለው ዊሊ በማንኛውም ሌሊት ሳይመጣ ሊቀር ይችል ስለነበር ነው ብዬ አምናለሁ። ሳይገደድ በመጣ ቁጥር መምጣቱ ትርጉም ነበረው።

የሐረርን ነገር ከልክ በላይ ማሳመር አልፈልግም። ጅብ በሌላ ቦታ ከብት ይፈጃል፤ ሰውም ይገድላል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የትግራይ ጥናት በዐቢይ ጾም ወቅት የሥጋ ቤት ትርፍራፊ ሲጠፋ ጅቦች አህያ ወደ ማደን እንደሚዞሩ አሳይቷል። የእኛን የጾም ቀን ከእኛ እኩል የሚያውቅ አውሬ ነው። ነገር ግን አውሬነቱ ሳይጠፋ ከሰው ጋር ስምምነት ያለው መሆኑ ነው ቁም ነገሩ። አላሰሩትም፤ አልጨመቁትም፤ በሩን አልዘጉበትም።

በጅማ አካባቢም የዚህ ዓይነት ግንኙነት እንግዳ አይደለም። በጌራና በለጠ በሚባሉት ደኖች ውስጥ ረጅም ዛፍ ላይ የሚሰቀሉትን ቀፎዎች አስቡ። ገበሬው ቀፎውን በጥሩ መዓዛ ያጥናል፤ ዛፍ ላይ ይሰቅላል፤ ይጠብቃል። ንቡ ከወደደው ይገባል፤ ካልወደደው ያልፋል፤ ገብቶም ከከፋው ጥሎ ይሄዳል። ማር ለማግኘት የግድ ንቡ እንዲስማማው ማድረግ አለበት። ቡናውን የሚለቅመው ገበሬ፣ ቀፎውን የሚሰቅለው ገበሬና ጥሪኙን የሚያጉረው ገበሬ አንዳንዴ አንድ ሰው ነው። ስለ ንብ የሚያውቀውን ለጥሪኝ አላዋለውም፤ ገበያው አላስተማረውምና።

ገበያው ራሱ አሁን ተቀይሯል። የክሮኤሽያ ተወላጁ ኬሚስት ሊዮፖልድ ሩዚችካ የዝባድን መዓዛ የሚሰጠውን ሲቬቶን የተባለ ውህድ አወቃቀር በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለይቶ አሳወቀ፤ እ.ኤ.አ. በ1939 የኖቤል ሽልማት ካስገኙለት ሥራዎች አንዱ በዚህ ዓይነት ውህዶች ላይ ያደረገው ምርምር ነው። ከዚያ ወዲህ ዝባድን በፋብሪካ መተካት ተቻለ። የጥሪኙ አያያዝ በዓለም ሲታወቅ ደግሞ ታላላቅ የሽቶ ቤቶች ፊታቸውን አዞሩ፤ ሻኔል እ.ኤ.አ. በ1998 የተፈጥሮ ዝባድ መጠቀም ማቆሙ ይነገራል። በዚያ ላይ ዝባድን ከቅቤና ከሌላ ባዕድ ነገር ጋር መቀላቀል የአገራችንን ስም ጎድቷል። ጉዳቱን የተሸከመው መጨረሻ ላይ ያለው ገበሬ ነው። ሥጋውን ገዝቶ፣ እሳቱን አንድዶ፣ ቀንዱን ሞልቶ ገዢ ያጣ ሰው ማዘን ይገባዋል፤ ምዕራባዊው ተቺም ለዘመናት ያንኑ ዝባድ ገዝቶ የተቀባው የእርሱ አገር መሆኑን መርሳት የለበትም።

ሥራው ግን ሌላ መንገድ አለው፤ መንገዱንም ያሳዩት የራሳችን ምሁራን ናቸው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ እንስሳት ተመራማሪዎች በመናገሻ ሱባ ደን ጥሪኝ ዝባዱን የት የት እንደሚቀባ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2008 አሳትመዋል። ጥሪኙ በዘፈቀደ አይቀባም፤ በሚመላለስበት መንገድ ዳር የመረጣቸው ዕፅዋት አሉ፤ እነርሱንም ደጋግሞ ይቀባል። ስለዚህ እንስሳውን ሳይነኩ ዝባዱን ከግንዱ ላይ መፋቅ ይቻላል። በማጎሪያ ከሚገኘው ያነሰ እንደሚሆን ግልጽ ነው። ግን ሥጋ መግዛት የለም፤ እሳት ማንደድ የለም፤ በሦስት ሳምንት ውስጥ የሚሞት ጥሪኝ የለም። ሽቶ ቤቶች ያነሱት ቅሬታም መልስ ያገኛል።

ይህ አሠራር ከዋጋው ሌላ የሚያመጣው ነገር አለ። በቡናው ሥር በየጠዋቱ ብቻውን የሚዞር ሰው የአንዱን ጥሪኝ ግንዶች ያውቃል፤ የትኛው ትናንት እንደተቀባ፣ የትኛው እንደተተወ። የቡና ዘር ያለበትን ዓይነ ምድሩን ያያል፤ መንገዱን ላለመዝጋት ይጠነቀቃል፤ ጥላ ዛፉ እንዳይቆረጥ ይከራከራል፤ ጥሪኙ ከሄደ ገቢው አብሮ ይሄዳልና። ጥሪኙ ይህን ሰው ላያየው ይችላል፤ አጠገቡም አይደርስም። ለብቻው መኖር ለሚወድ እንስሳ ግን ሰው ሊሰጠው የሚችለው ትልቁ ወዳጅነት ይህ ይመስለኛል።

የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ልማትና ጥበቃ ባለሥልጣን ዝባድ ለማምረት ፈቃድ ሲሰጥ የማጎሪያው ስፋት ምን ያህል ይሁን ብሎ ከመጠየቅ አልፎ፣ ከደን ላይ የሚሰበሰበውን ዝባድ ለይቶ ቢመዘግብና የተለየ መለያ ቢሰጠው ጥሩ ነው። የቡና ማኅበራት ለቡናቸው የሚሠሩበት የጥራት ማረጋገጫና ከአምራች እስከ ገዢ የመከታተያ ልምድ አላቸው፤ ለዝባድም ይሠራል። የሊሙና የጎማ ጥሪኝ ጠባቂዎች ከአባቶቻቸው የወረሱትን ዕውቀት ይዘው ከጨለማው ጎጆ ወጥተው ወደ ደኑ እንዲገቡ የሚያስችል የመነሻ ገንዘብ ቢመደብላቸው መልካም ነው፤ ከማንም በፊት ሥራውን የሚያውቁት እነርሱ ናቸው።